አሮጌ መኪና ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያገለገለ መኪና ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ይታጠባል፣ ወንበሩ ይጸዳል፣ ሞተሩ ላይ የፈሰሰው ዘይት ሳይቀር ይጠረጋል። ገዢው የሚያየው ቦታ ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ኪስ የሚያራቁቱት ብልሽቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ገዢው ከማያይበት ቦታ ናቸው።

ሞቆ የቆየ ሞተር መመርመር

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ያረጀ ሞተር ጉዱ የሚታወቀው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው፤ ከሞቀ በኋላ ደህና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ መኪናው ካደረ በኋላ ሳይነሳ እንዲጠብቅዎ አስቀድመው ይንገሩ። ሲደርሱ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን በእጅዎ ይንኩ፤ ለብ ካለ በሌላ ቀን ይመለሱ።

ሳይነሳ በፊት የዘይት መለኪያውን መዘው ይዩ። ዘይቱ መጥቆሩ አያስደነግጥም። ወተት የተቀላቀለበት ቡና የሚመስል ከሆነ ግን ውሃ ገብቶበታል። በዘይት መሙያው ክዳን ስር ብቻ ትንሽ ነጭ አረፋ ካለ አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ መኪናም ሊያሳየው ይችላል፤ መለኪያው ላይም ካለ መግዛቱን ይተዉት። የራዲያተሩን ክዳን የሚከፍቱት በቀዝቃዛው ብቻ ነው፣ የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይረጫልና። ውሃው ላይ የዘይት ቅባት መንሳፈፉ መጥፎ ምልክት ነው፤ የዛገ ቀለም ያለው ከሆነ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሳይሆን ተራ ውሃ ሲሞላበት ኖሯል ማለት ነው።

አሁን ያስነሱትና ከኋላ የሚወጣውን ጭስ ሌላ ሰው ይመልከትልዎ። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው። ሲነሳ ብቻ ቦግ ብሎ ከጠፋ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒዎች (ዘይት በቫልቮቹ በኩል እንዳያልፍ የሚያግዱ ማሸጊያዎች) አልቀዋል፤ ነዳጅ በሰጡት ቁጥር የሚወጣ ከሆነ የፒስተን ቀለበቶች ተበልተዋል፤ ይህኛው ሞተር ማስፈታት ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ይጠገናል። ነጭ ጭስ በቀዝቃዛ ጠዋት እንፋሎት ስለሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልጠፋና ጣፋጭ ሽታ ካለው የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ሳይበላ አልቀረም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከቀዝቃዛ በተነሳ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ እንደ ድንጋይ ከደነደነ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውሃው መስመር እየገባ ነው።

የኪሎሜትር ቁጥሩን ማመን

ዲጂታል ቆጣሪም ወደ ኋላ ይመለሳል። ቁጥሩን ከሰውነቱ ጋር ያስተያዩ፦ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ፣ መሪው አብለጭልጮ፣ የሾፌሩ ወንበር የበር በኩል ጠርዝ ተሰባብሮ 60,000 ኪሎሜትር የሚል ቆጣሪ አይታመንም። ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ፣ 20 ዓመት ቆሞ የኖረ መኪና ጎማዎቹና የዘይት ማሸጊያዎቹ በዕድሜ ብቻ ይደርቃሉ። በእኛ እይታ አዘውትሮ የተነዳና ዘይቱ በጊዜው የተቀየረ መኪና ከቆመው ይሻላል።

እዚህ ላይ የታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም የፒስተኖቹንና የቫልቮቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ቀበቶ፣ አይረሳ። ብዙ አምራቾች 100,000 ኪሎሜትር አካባቢ ወይም የተወሰነ ዓመት ሲሞላ እንዲቀየር ያዝዛሉ። በብዙ ሞተሮች ላይ ሲበጠስ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታል፣ ሞተሩም እዚያው ያበቃል። የተቀየረበትን ደረሰኝ ካላዩ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ወጪውን ከዋጋው ላይ ይቀንሱ። በቺንጋ ፋንታ ካቴና (ሰንሰለት) ያላቸው ሞተሮችም አሉ፤ በእነሱ ላይ ሲነሱ ከጥቂት ሰከንድ በላይ የሚቆይ ኳኳታ መኖሩን ያዳምጡ።

አጭር ዙር ነድቶ መመለስ

የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ነገር ከሞተሩ ተቃራኒ ነው፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ችግር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሲሞቅ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ዳገትም ፈጣን መንገድም ባለበት ይንዱ። ፍሬን እንደያዙ ወደፊትና ወደኋላ ማርሽ ሲያስገቡ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከዘገየ ወይም ደንገጥ ካደረገዎት ይጠንቀቁ። የካምቢዮው ዘይት የተቃጠለ ከሸተተ ውስጡ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች እያለቁ ነው።

በእጅ የሚቀየር ከሆነ በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዱ ነዳጁን በአንዴ ይርገጡት። የሞተሩ ድምፅ አሻቅቦ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ክላች) እየተንሸራተተ ነው። በመጨረሻም ባዶ ቦታ ላይ መሪውን እስከ ጥግ አዙረው በዝግታ ይሂዱ፤ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የፊት ጎማዎቹን የሚያሽከረክረው መገጣጠሚያ መበላቱን ያሳያል።

የጠፋ መብራትን እንደ ጤንነት መቁጠር

ቁልፉን አዙረው ሞተሩን ሳያስነሱ ዳሽቦርዱን ይመልከቱ። የሞተር፣ የዘይት፣ የባትሪና የኤርባግ መብራቶች መጀመሪያ መብራት፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ጠፍተው መታየት አለባቸው። ከመጀመሪያውም ያልበራ ካለ አምፖሉ ተነቅሎ ወይም ተሸፍኖ ይሆናል። የኮምፒውተር መመርመሪያ የሚሰካበት መኪና ከሆነ ደግሞ የስህተት ኮድ አለመገኘቱ ብቻ አይበቃም፤ መኪናው በራሱ የሚያደርጋቸው ፍተሻዎች ገና ያልተጠናቀቁ ከሆነ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዞ፣ አለዚያም ባትሪው ተፈትቶ ሊሆን ይችላል።

ቀለም ሲያደንቁ ብረቱን መርሳት

አሮጌ መኪና አንድ ሁለት ቦታ ቢቀባ ነውር የለውም። የፋብሪካ ቀለም ውፍረት በአብዛኛው ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ነው፤ መለኪያው ብዙ መቶ ካነበበ ስቱኮ (የተጎዳ ቆርቆሮ የሚሞላበት ልጥፍ) ተለጥፏል። መለኪያ ከሌለ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ያስጠጉ፣ ስቱኮ ላይ አይያዝም (አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ላይም አይያዝምና አይሳሳቱ)። ዋናው ጥያቄ ግጭቱ ከቆርቆሮው አልፎ ሻንሲውን (መኪናውን የሚሸከመውን ዋና ብረት) ነክቷል ወይ የሚለው ነው። ከኮፈኑ ስርና ከትርፍ ጎማው ጉድጓድ አዲስ ብየዳ ወይም የተጨማደደ ብረት ይፈልጉ። የደህንነት ቀበቶውንም እስከ መጨረሻው ይጎትቱት፤ ጫፉ ላይ የደረቀ ጭቃ ካለ መኪናው ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ጎማው ስንት ዓመቱ እንደሆነ አለማየት

የጎማው ጎን ላይ DOT ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ካለው ኮድ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች 2319 ከሆኑ ጎማው የተሠራው በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት ነው (አቆጣጠሩ የፈረንጆች ነው)። ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ ከአሥር ዓመት ያለፈ ጎማ ይቀየራል። አንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ከሆነ ደግሞ የጎማ አሰላለፉ ተዛብቷል ወይም ከስር የተጣመመ ነገር አለ።

ሰነዱን ለመጨረሻ ማቆየት

የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከብረቱ ላይ ራስዎ አንብበው ከባለቤትነት ሰነዱ ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። በቁጥሩ ዙሪያ የተሞረደ ወይም የተበየደ ምልክት ካለ ዋጋው ምንም ቢረክስ አይግዙት። ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበትም ከመክፈልዎ በፊት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያጣሩ።

በሻጩ መካኒክ ማስመርመር

መካኒኩን ራስዎ ይምረጡ፣ ክፍያውንም እርስዎ ይክፈሉ። የሲሊንደሮቹን ግፊት እንዲለካ ይጠይቁት፤ በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ ካለፈ ምክንያቱ ሳይታወቅ ዋጋ አይነጋገሩ። መኪናው ወደ ላይ ሲሰቀል መካኒኩ ከስር ዝገት የበላው ወለል፣ ከካምቢዮ የሚንጠባጠብ ዘይትና የተቀደዱ የመገጣጠሚያ ላስቲክ ሽፋኖች መኖራቸውን ይመልከት። ሻጩ ይህን ምርመራ ካልፈቀደ ሌላ መኪና ይፈልጉ።