የከተማ ምክር ቤት የሕዝብ አገልግሎትን ጥራት እንዴት ይገመግማል? ሀዋሳን መነሻ በማድረግ

የሀዋሳ ነዋሪ ከመንግሥት ጋር በአብዛኛው የሚገናኘው በቀበሌ መስኮት፣ በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል፣ በውሃ ቆጣሪና በልጆቹ ትምህርት ቤት በኩል ነው። እነዚህን አገልግሎቶች የሚሰጠው አስፈጻሚው አካል ሲሆን፣ በአግባቡ መሰጠታቸውን የመከታተልና የመቆጣጠር ሥልጣን ግን የከተማው ምክር ቤት ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ በምክር ቤቱ አንድ ቋሚ ኮሚቴ እጅ እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል ቀጥሎ በቅደም ተከተል ቀርቧል። ጽሑፉ የሚጠቅመው ለምክር ቤት አባላት ብቻ ሳይሆን ለውይይት ለሚጠራው ነዋሪም ጭምር ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የሚገመገመውን ማጥበብ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጤናን፣ ትምህርትን፣ ውሃን፣ መንገድንና መሬት አስተዳደርን ሁሉ ለማየት የተነሣ ኮሚቴ የመስክ ምልከታው የመኪና ጉዞና የሻይ ግብዣ ሆኖ ይቀርበታል። አንድ ወይም ሁለት አገልግሎት ተመርጦ በጥቂት ቀበሌዎች በጥልቀት ቢታይ ይሻላል። ቀበሌዎቹም ከተለያዩ ክፍለ ከተሞች መወሰድ ይኖርባቸዋል፤ መሃል ከተማ ያለ ቀበሌ የሚነግረንና በቱላ አቅጣጫ ከከተማው ዳር ያለው የሚነግረን አንድ አይደለም። ጊዜውንም ማሰብ ያስፈልጋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ፣ ግምገማው በታኅሣሥና በጥር ከተካሄደ ግኝቱ ለቀጣዩ ዓመት የበጀት ዝግጅት ይደርሳል። በግንቦት የተካሄደ ግምገማ ግን የሚያገኘው ተዘጋጅቶ ያለቀ በጀት ነው።

ቀጥሎ መለኪያውን መያዝ ይገባል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዜጎች ቻርተር እንዲያዘጋጁ ይጠበቃል፤ ቻርተሩም እያንዳንዱ አገልግሎት በምን ያህል ጊዜ፣ በምን ጥራት፣ በምን ክፍያ እንደሚሰጥና ባለጉዳዩ ምን ይዞ መቅረብ እንዳለበት ይዘረዝራል። ኮሚቴው ከመሄዱ በፊት ይህን ሰነድ በእጁ ማስገባት አለበት። ቻርተሩ በኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ተገኝቶ በግድግዳው ላይ ከሌለ፣ ወይም ተለጥፎ ባለጉዳዩ በሚያነበው ቋንቋ ካልተጻፈ፣ የመጀመሪያው ግኝት እዚያው ተመዝግቧል ማለት ነው።

ከቻርተሩ በተጨማሪ ሕግና አገር አቀፍ መለኪያዎችም አሉ፤ አጠቃቀማቸው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለምሳሌ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ይህ በቤተሰቡ ላይ የተጣለ ግዴታ እንጂ ለቀበሌው የተሰጠ የሥራ ጊዜ አይደለም፤ ቀበሌው የሚለካው ወላጅ ማስረጃውን አሟልቶ ከቀረበበት ሰዓት ጀምሮ ነው። የትምህርት መለኪያው በአንድ ክፍል ውስጥ በመጀመሪያ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው። በውሃ በኩል የአገሪቱ የልማት ዕቅድ የነበረው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ላላቸው ከተሞች በሰው በቀን 80 ሊትር አስቀምጦ ነበር። ይሁን እንጂ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር አማካይ ሊትር ብዙ አይናገርም፤ በሳምንት ስንት ቀን፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣና ባልመጣ ቀን ሰው ጀሪካን በስንት ብር እንደሚገዛ መጠየቅ ይበልጣል።

ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ የአፈጻጸም ሪፖርት ይነበባል። በሪፖርቱ ውስጥ «ከዕቅዱ 96 በመቶ ተከናውኗል» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢኖር፣ ዕቅዱ ራሱ ካለፈው ዓመት ክንውን በታች ተይዞ እንደሆነ ማመሳከር ያስፈልጋል። «ለዚህን ያህል ባለጉዳይ አገልግሎት ተሰጥቷል» የሚለውም ስንቱ መጥቶ ስንቱ እንደተመለሰ ካልተናገረ ስለ ጥራት ያለን እውቀት አልጨመረም። ሪፖርት መሥሪያ ቤቱ ስለ ራሱ የጻፈው ነው፤ መነሻ ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ማስረጃው ያለው መዝገቡ ውስጥ ነው፤ በእኔ አመለካከት የግምገማው ክብደት ማረፍ ያለበትም እዚህ ላይ ነው። ኮሚቴው መዝገብ ቤት ገብቶ ያለፉትን ሦስት ወራት መዝገብ ያስከፍታል፤ በየአሥረኛው ረድፍ ላይ ያለውን ጉዳይ እየወሰደም 20 ያህል ፋይሎች ያወጣል። ፋይሎቹን የሚመርጠው ኮሚቴው እንጂ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ መሆን የለበትም፤ ምርጫው ለሠራተኛው ከተተወ የሚመጡት ንጹሕ ንጹሖቹ ናቸው። በእያንዳንዱ ፋይል ማመልከቻው የገባበት፣ ወደ ባለሙያ የተመራበትና ውሳኔ ያገኘበት ቀን ይመዘገባል። ሦስቱ ቀኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጉዳዩ የት እንደተኛ ራሱ ይታያል። ባለሙያው በአንድ ቀን የጨረሰው ጉዳይ የኃላፊውን ፊርማ ሲጠብቅ ሳምንት ማሳለፉ እንግዳ ነገር አይደለም።

ቀኖቹ ሲሰሉ አማካይ ብቻ መውሰድ ያሳስታል። ከ20 ፋይሎች 18ቱ በ3 ቀን፣ ሁለቱ ደግሞ በ60 ቀን አልቀዋል እንበል፤ አማካዩ 8.7 ቀን ይሆናል። በ8 ወይም በ9 ቀን የተስተናገደ ሰው ግን አንድም የለም። አብዛኛው በጥሩ ሁኔታ ተስተናግዷል፣ ሁለት ሰዎች ደግሞ ተንገላተዋል። ስለዚህ ቀኖቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድረው መሃል ላይ ያለው ቁጥርና መጨረሻ ላይ ያሉት ለየብቻ መቅረብ አለባቸው፤ መጨረሻ ላይ ያሉትም አንድ በአንድ ተከፍተው ምክንያታቸው ይጠየቃል።

መዝገብም ቢሆን የማያሳየው ነገር አለ። «ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው»፣ «ነገ ተመለስ» ተብሎ ከመስኮቱ የተሸኘ ሰው ስሙ መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ ሦስት ቀን ተመላልሶ በአራተኛው ማመልከቻው ተቀባይነት ያገኘለት ሰው በመዝገቡ ላይ በአንድ ቀን የተስተናገደ ሆኖ ይገኛል። ይህን ክፍተት የሚሞላው ከበሩ ውጪ ቆሞ የሚወጣውን ባለጉዳይ መጠየቅ ነው፤ ለስንተኛ ጊዜ እንደመጣ፣ ምን ተብሎ እንደተመለሰ፣ ከተቀመጠው ክፍያ ሌላ የተጠየቀው ነገር እንዳለ። ሰኞ ጠዋትና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ወረፋው የሚበዛበት፣ ሌላው ወንበሩ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ነውና።

የነዋሪውን አስተያየት በቡድን መስማት የሚቀጥለው እርምጃ ነው። በአገራችን ነዋሪዎች የሚያገኙትን አገልግሎት በሚመዝኑበት የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም የተለመደው አሠራር ሴቶች፣ ወጣቶች፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ለየብቻ ተቀምጠው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት መስፈርት ከ1 እስከ 5 ነጥብ እንዲሰጡ ማድረግ ነው። መለየታቸው በምክንያት ነው፤ አንዲት እናት በማዋለጃ ክፍል ስለደረሰባት ነገር በወንዶችና በቀበሌው አመራር ፊት እንድትናገር መጠበቅ አይቻልም፤ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀመው ሰው ስለ ሕንፃው መወጣጫ ደረጃ የሚያነሣውም በሌላው አይታሰብም። ውይይቱን የሚመራው ሰው በአማርኛም በሲዳምኛም መግባባት የሚችል ቢሆን፣ የአገልግሎት ሰጪው ኃላፊዎችም በዚህ ሰዓት ባይገኙ መልካም ነው። ከነጥቡ ይልቅ ከነጥቡ በስተጀርባ ያለው ምክንያት መጻፍ አለበት፤ «ንጽሕና፦ 2» የሚል ማስታወሻ ማንንም አያሠራም፣ «መጸዳጃ ቤቱ ከሰዓት በኋላ ይቆለፋል» የሚለው ግን ያሠራል።

ሠራተኞቹም በተመሳሳይ መስፈርት ራሳቸውን ይመዝናሉ። ይህ ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም፤ ነዋሪው ስንፍና የሚለው ነገር የማተሚያ ቀለም እጥረት፣ ያልተሞላ የሥራ መደብ ወይም በቀን ለሰዓታት የሚቋረጥ ኔትወርክ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ኔትወርኩ የተቋረጠበትን ሰዓት በየቀኑ የሚመዘግብ ቅጽ እንዲኖር ማድረግ ክርክሩን ይቆርጣል።

ሁለቱ ወገኖች በመጨረሻ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ውይይቱን የኮሚቴው ሰብሳቢ ይመራል፤ ንግግሩ በግለሰብ ላይ ሳይሆን በአሠራር ላይ እንዲያተኩርም ይጠብቃል። ሁለቱም ወገን ዝቅተኛ ነጥብ ከሰጡት ጉዳይ መጀመር ብልኅነት ነው፤ እዚያ ላይ የሚሟገት ስለማይኖር ውይይቱ በቶሎ ወደ መፍትሔ ይገባል።

የውሳኔ ሐሳቡ ሲጻፍ «ትኩረት ተሰጥቶት ቢሠራበት» ከሚል አነጋገር መራቅ ያስፈልጋል፤ እንዲህ የተጻፈ ነገር ተፈጸመም አልተፈጸመም አይታወቅም። እያንዳንዱ ነጥብ ችግሩን፣ የሚወሰደውን እርምጃ፣ ኃላፊነት የወሰደውን የሥራ መደብ፣ የሚጠናቀቅበትን ቀንና ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ የበጀት ምንጩን መያዝ አለበት። ምክር ቤቱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛን በቀጥታ የማዘዝ ሚና የለውም፤ ግብረ መልሱ በአፈ ጉባኤው በኩል ለከንቲባው ይላካል፣ ለአፈጻጸሙ ተጠያቂ የሚሆነውም ከንቲባው የሚመራው አስፈጻሚ አካል ነው። የውጤቱ አንድ ገጽ ቅጂ በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ያልተለጠፈበት ቀበሌ ነዋሪ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃውን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ከሦስት ወር በኋላ ኮሚቴው ሳያሳውቅ ይመለሳል። ያንኑ መዝገብ ከፍቶ በተመሳሳይ መንገድ 20 ፋይሎች ያወጣል፣ ከበሩ ውጪም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። የተፈጸሙት ነጥቦች ከዝርዝሩ ይሰረዛሉ፤ ያልተፈጸሙት ደግሞ ከነምክንያታቸው በቃለ ጉባኤ ተይዘው ለመደበኛው ጉባኤ ይቀርባሉ፤ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ተጨማሪ በጀት ሲጠይቅም አስቀድሞ የሚነበቡት እነርሱ ይሆናሉ።