ሙከራ ሲከሽፍ የሚሠሩ ስህተቶች

የመጀመሪያ ሥራቸው የከሸፈባቸው ጀማሪ ፈጣሪዎች ወደ እኔ ሲመጡ አንድ ማጽናኛ ይዘው ነው፦ «ታላላቆቹም ወድቀው ነው የተነሡት»። እውነት ነው። ግን ወድቀው የቀሩት ይበዛሉ። ልዩነቱን ያየሁት ከውድቀቱ ማግስት በሚሠራው ሥራ ላይ ነው።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ

ይህን ሳይ ዝም ማለት አልችልም። መሣሪያው እምቢ ይላል፤ ልጁ ይናደድና ሌሊቱን ሞተሩንም፣ የማርሹን ጥርስም፣ መያዣውንም ሲቀይር ያድራል። ጠዋት ቢሠራለት የትኛው እንዳዳነው፣ ባይሠራለት የትኛው እንዳበላሸው አያውቅም። ያ ሁሉ ድካም መና ቀረ ማለት ነው። ጄምስ ዳይሰን ከረጢት የሌለውን የአቧራ መጥረጊያ እስኪያገኝ 5,127 ናሙናዎች ሠርቷል። ሁሉም በቁጥሩ ይደነቃል፤ በየናሙናው አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ እንደነበር ግን ልብ የሚል ጥቂት ነው። እባካችሁ፣ አንድ ነገር ለውጡ፣ ሞክሩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ።

እኔም በዚሁ ተቀጥቻለሁ። የሚያፈስ የእጅ ፓምፕ ነበረኝ፤ ጎማውንና ቫልቩን በአንድ ቀን ቀየርኩና ማፍሰሱ ቆመ። ያዳነው ቫልቩ ነው ብዬ ሁለተኛውን ፓምፕ በቀድሞው ዓይነት ጎማ ሠራሁት። አፈሰሰ። ጥፋቱ የጎማው መሆኑን እስካውቅ አራት ወር ሄደብኝ።

አለመጻፍ

«አስታውሰዋለሁ» አትበሉ። አታስታውሱትም።

የታተመ ቁጥርን ሳይለኩ ማመን

ዊልበርና ኦርቪል ራይት እ.ኤ.አ. በ1901 የሠሩት ሞተር አልባ ተንሸራታች ካሰሉት የማንሳት ኃይል ሲሶውን ያህል ብቻ ሰጣቸው። ስሌታቸውን ደጋግመው ቢያዩም ችግሩ ከእነሱ በፊት የነበረ ነው፤ የማንሳት ኃይል ሲሰላ የሚገባው፣ ሰው ከመቶ ዓመት በላይ ሲቀባበለው የኖረው የአየር ግፊት ቁጥር 0.005 ሲሆን እነሱ ከራሳቸው ልኬት ያገኙት 0.0033 ገደማ ነበር። ነፋስ የሚነፋበት የእንጨት ሳጥን ሠርተው ወደ 200 የሚጠጉ የክንፍ ቅርጾችን ፈተኑበት። የ1902ቱ ተንሸራታች ታዘዘላቸው። ያ የ1901 ውድቀት ባይለካ ኖሮ በዚያ ሳጥን ውስጥ የሚፈተን ጥያቄ አይኖራቸውም ነበር።

ለውድቀቱ የሚመች ሰበብ መፈለግ

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። የአሜሪካዊው ሳይንቲስት የሳሙኤል ላንግሌይ አውሮፕላን ኦክቶበር 7 ቀን 1903 ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ላንግሌይ ጥፋቱን በማስወንጨፊያው ላይ ጣለና ዲሴምበር 8 ቀን መልሶ አስወነጨፈው፤ ገና ሲነሣ የኋላ ክፍሉ ተሰባበረ፣ አብራሪው ከመስጠም ለጥቂት ዳነ። ራይቶች በሞተር የበረሩት ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ነው። የፓሪሱ ልብስ ሰፊ ፍራንዝ ራይሼልት ደግሞ የፓራሹት ልብሱን የሰው ቅርጽ ባለው አሻንጉሊት ሲሞክር ሲከሽፍበት «ከፍታው ስላነሰ ነው» ብሎ ደመደመ። በፌብሩዋሪ 1912 ልብሱን ራሱ ለብሶ ከኤፍል ማማ የመጀመሪያ ፎቅ፣ ከ57 ሜትር ላይ ዘለለ። ሞተ። አሻንጉሊቶቹ ግን አስቀድመው ነግረውት ነበር። ሰበባችሁ ትክክል መሆኑን የሚያሳይ ሙከራ ሳታደርጉ ወደሚቀጥለው አትሂዱ፤ በተለይ የሰው ሕይወት ያለበት ከሆነ።

የከሸፈውን መጣል

የ3M ኩባንያ ኬሚስት ስፔንሰር ሲልቨር እ.ኤ.አ. በ1968 ጠንካራ ሙጫ ሲፈልግ ያገኘው በቀላሉ የሚላቀቅ ደካማ ሙጫ ነበር። አልጣለውም፤ ለሥራ ባልደረቦቹ ለዓመታት ሲያሳይ ኖረ። በ1974 ባልደረባው አርት ፍራይ ከመዝሙር መጽሐፉ እየወደቀ ያስቸገረውን የገጽ ምልክት በዚያ ሙጫ ለማጣበቅ አሰበ፤ ዛሬ በየጠረጴዛው የምናየው ተለጣፊ ወረቀት በ1980 ገበያ ላይ ዋለ። እናንተም የከሸፈው ናሙና ላይ ቀኑንና ምን እንደሆነ ጽፋችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት፤ ሥራችሁን ለሚያውቅ ለሌላ ሰውም አሳዩት።