በአሜሪካ ደቡብ ትንሽ ከተማ ለመኖር ስትሄዱ

አላባማ፣ ሚሲሲፒ ወይም ጆርጂያ ውስጥ አንዲት ጸጥ ያለች የሠራተኛ ከተማ ልትገቡ ነው? መጀመሪያ መኪና ግዙ። አብዛኞቹ ጋ የከተማ አውቶብስ የሚባል ነገር የለም፣ ያለ መኪና ዳቦ መግዛትም ፈተና ነው።

ሥራው ባብዛኛው ዶሮ ማቀነባበሪያ፣ መጋዘን ወይም ፋብሪካ ነው። ክፍያውን ሳትጠይቁ አትፈርሙ። የፌደራሉ ዝቅተኛ ክፍያ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ላይ እንደቆመ ነው፣ አላባማና ሚሲሲፒ ደግሞ የራሳቸው የላቸውም።

ሰላምታ ላይ አትሰስቱ። በጠባብ መንገድ ከፊት የሚመጣው የፒክአፕ ሹፌር መሪውን ሳይለቅ አንድ ሁለት ጣቱን ብድግ ያደርግላችኋል፣ አያውቃችሁም ግን እናንተም መልሱለት፣ ዝም ካላችሁ ኩሩ ትባላላችሁ። ትልልቅ ሰዎችን «የስ ማም»፣ «የስ ሰር» በሉ። ገና ከመተዋወቃችሁ «የት ቤተ ክርስቲያን ትሄዳላችሁ?» ሲሏችሁ አትደንግጡ። የኛ ሰው «የማን ልጅ ነህ?» እንደሚለው ነው፣ ለክፋት አይደለም። የቀብር መኪኖች ተሰልፈው ሲመጡ ዳር ይዛችሁ ቁሙ።

በመኸር ወራት ዓርብ ማታ ከተማው ጭር ካለ ሰዉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የአሜሪካ ፉትቦል (እኛ የምናውቀው እግር ኳስ ሳይሆን በሞላላ ኳስ የሚጫወቱትን) ሊያይ ሄዷል። እናንተም ሂዱ፣ ጨዋታው ባይገባችሁም ጎረቤት የምትተዋወቁት እዚያ ነው።

አውሎ ነፋስን (ቶርኔዶን) ግን አትናቁ፣ በተለይ በጸደይ፣ ማለትም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ። የማስጠንቀቂያ ሳይረን ሲጮህ ምድር ቤት ካለ እዚያ፣ ከሌለ መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ግቡ። ተንቀሳቃሽ ቤት የተከራያችሁ ደግሞ ሰማዩ ሳይጠቁር ወደ ጠንካራ ሕንፃ ሂዱ።