ለልብ ወለድና ለግጥም የሚሆን የቤት ቤተ መጻሕፍት እንዴት ይደራጃል?

መጀመሪያ ያላችሁን መጽሐፍ ሁሉ አውጥታችሁ ወለል ላይ ዘርጉት። ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሳጥን አናት፣ ከካርቶን ውስጥ። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሣችሁ "ይህን ደግሜ አነበዋለሁ?" በሉ። የማታነቡትን ለሚያነብ ሰው ስጡ። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። ከ200 በላይ ከነበሩት ያስቀረሁት 90 ያህል ነው። የቀሩት የምወዳቸው ብቻ ናቸው።

የጎደላችሁን ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጡበት ፈልጉ። ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መዞር ደስ ይለኛል። ግን ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት የገጽ ቁጥሮቹን ተከታተሉ። አንድ ጊዜ ለዓመታት የፈለግሁትን የግጥም መድበል አግኝቼ በደስታ ሳላየው ገዛሁት። ቤት ገብቼ ስገልጠው ከገጽ 32 ቀጥሎ 49 ነው። ብዙ መጽሐፍ የሚታተመው በትልቅ ወረቀት ላይ ሆኖ ነው፤ ወረቀቱ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል። አንዱ እጥፍ ሲወልቅ 16ቱም አብረው ይሄዳሉ። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ ቅርብ በመሆኑ እዚያ ሄጄ የጎደሉትን ግጥሞች በእጄ ገለበጥኳቸው። አሁን መድበሉ ውስጥ ታጥፈው ተቀምጠዋል።

መደርደሪያውን እንጨት ቤት ብታሠሩ ይሻላል። ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ቺፕውድ ከሆነ አንዱ ጣውላ ያለ መሐል ድጋፍ ከ80 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ መጽሐፍ ከባድ ነው፣ ይጎብጣል። ዝግ ቁም ሳጥን አልወድም። አየር አያስገባም።

አየር ስል ክረምቱን አስቤ ነው። የመጀመሪያውን መደርደሪያዬን ግድግዳው ላይ አስጠግቼ አቆምኩት። መጻሕፍቱንም ከአቧራ ለማዳን ሁሉንም በላስቲክ ሸፈንኳቸው። ነሐሴ ላይ አንዱን ሳወጣ ላስቲኩ ውስጡ ላብ ይዟል። ልባሱ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ። 11 መጻሕፍት እንዲያ ሆኑብኝ፤ ሦስቱ አልዳኑም። እባካችሁ ላስቲክ አታልብሱ። መደርደሪያውን ከግድግዳው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ከወለሉ ደግሞ አንድ ስንዝር አርቁት። የሻገተ ካጋጠማችሁ ጥላ ሥር አድርቁትና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። የቀትር ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ቀለሙን ይበላዋል።

አሁን አደራደር። እኔ በደራሲ ስም፣ በፊደል ተራ ነው የምደረድረው። እኛ የምንጠራው በራስ ስም ስለሆነ ሐዲስ ዓለማየሁ "ሐ" ላይ እንጂ "ዓ" ላይ አይገቡም። ችግሩ ሞክሼ ፊደሎቹ ጋ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን አንዱ ልባስ ላይ "ጸ"፣ ሌላው ላይ "ፀ" ሆኖ ይመጣል። ሀ፣ ሐ እና ኀን እንደ አንድ ቁጠሩ። ሠና ሰን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀንም እንዲሁ። ካላደረጋችሁ የአንድ ሰው ሥራ ሁለት ቦታ ተበታትኖ ትፈልጉታላችሁ።

ግጥሞቹን ግን ለይታችሁ ነው የምታስቀምጡት። ቀጭን መድበል ጎኑ ላይ ርዕስ ስለማይኖረው ወፍራም ልብ ወለዶች መሐል ከገባ ጠፋ ማለት ነው። አጠር ያለ ሣጥን ውስጥ ፊታቸውን ወደ እናንተ አዙራችሁ አቁሟቸው፤ በጣታችሁ እያገላበጣችሁ ታገኟቸዋላችሁ። ብዙ ገጣሚ በራሱ ገንዘብ ነው የሚያሳትመው፤ ካለቀ ዳግም ላይታተም ይችላል። ስለዚህ ለእነዚህ የተለየ እንክብካቤ ይገባቸዋል።

አብዛኞቹ መሐላቸው ላይ በሁለት የስቴፕለር ሽቦ የተያዙ ናቸው። ሽቦው እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፣ ዝገቱ ወረቀቱን ይበላል፣ መሐለኛው ቅጠል ይወልቃል። በስኮች አትለጥፉት። ስኮች ከዓመታት በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫውም ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ይልቅ ስፉት።

መድበሉን መሐሉ ላይ ግለጡ። የሽቦውን ጫፎች በቢላ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ቀና አድርጉና ከውጭ ሳቡት። ሁለቱም ሽቦ ሲወጣ አራት ቀዳዳ ይቀራል፤ ከላይ ዳር ያለውንና ከታች ዳር ያለውን ብቻ ተጠቀሙ። በመሐላቸው፣ ልክ እጥፋቱ መስመር ላይ፣ በመርፌ ሦስተኛ ቀዳዳ ብሱ። እጥፋቱን ከሳታችሁ ወረቀቱ ይቀደዳል። ነጭ የጥጥ ክር መርፌ ላይ ሰክታችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ በመሐለኛው ቀዳዳ አውጡ፤ ጫፉን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውስጥ አስቀሩ። በላይኛው ቀዳዳ ወደ ውስጥ መልሱት። ከዚያ መሐለኛውን ዘልላችሁ በታችኛው ወደ ውጭ አውጡ። በመጨረሻ በመሐለኛው ወደ ውስጥ መልሱት። አሁን ሁለቱ የክር ጫፎች ጎን ለጎን ናቸው፤ መሐላቸው ላይ ረጅሙ ክር ያልፋል። እሱን አቅፋችሁ ቋጥሩት። ሲጠብቅ ክሩን በእጥፋቱ አቅጣጫ እንጂ ወደ ላይ አትሳቡ። የመጀመሪያዬን ወደ ላይ ስስብ ገጹን ሸረከትኩት። አንዱን ለመስፋት 15 ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

የሚዋስ ሲመጣ ስሙንና ቀኑን ደብተር ላይ ጻፉ። ልብ ወለድ አውሳለሁ። የሰፋኋቸውን መድበሎች ግን ከቤት አላስወጣም። ለሚፈልጋቸው ቡና አፈላለሁ፤ እዚሁ ቁጭ ብሎ ያነባል፣ ደስ ያለውንም ጮክ ብሎ ያነብልኛል።