አዲስ የከባድ መኪና ሹፌር ሆይ፣ ከጎንደር ሳትወጣ

ወንድሜ፣ ሥራው ሞተር ስታስነሳ የሚጀምር እንዳይመስልህ። ግማሹ ቀን አዘዞ ላይ ጭነት ስትጠብቅ ያልቃል። ስለዚህ ሳትቀጠር ባለንብረቱን ጠይቅ፦ ቆሜ የምጠብቅበት ሰዓት ይታሰባል? መንገድ ሳድር አበል አለ? ጎማ ቢፈነዳ ማን ይከፍላል? መልሱን በጽሑፍ ያዝ። በቃል የተባለ ነገር ደመወዝ ቀን ይረሳል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የቀን ትርፍ ሰዓት ክፍያ ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም።

“ዛሬውኑ መተማ ግባ” ይሉሃል። እንቅልፍ ከያዘህ እምቢ በል፤ ቢኮራረፉም ይታረቃሉ።

ሊማሊሞን ስትወርድ ማርሹን ገና ከላይ ቀንስ። ፍሬን ብቻ ካመንክ ይግልና አልይዝም ይላል። ረዳትህን ደግሞ በደንብ አብላው፤ ዳገት ላይ ስትቆም ሮጦ ጎማው ሥር ታኮ (መኪናው እንዳይንሸራተት የሚያግድ ድንጋይ ወይም እንጨት) የሚያደርግልህ እሱ ነው።