ኳሷን ትተው ጋርዶቹን ይመልከቱ፦ የአሜሪካ ፉትቦልን የሩጫ ጨዋታ እንዴት ማንበብ ይቻላል

በእግር ኳስ ያደገ ዓይን ኳስ ካልተከተለ ያየ አይመስለውም። በአሜሪካ ፉትቦል የሩጫ ጨዋታ ላይ ግን ይህ ልማድ ያታልላል። ሯጩ፣ ማለትም ራኒንግ ባኩ፣ ኳሷን ተቀብሎ ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ከፊቱ ያሉት አምስት ግዙፎች ሥራቸውን ሠርተዋል ወይም አበላሽተዋል። ኳሷን ብቻ የተከተለ ሰው የሚያየው የሰው ክምር ነው፤ ክምሩ ለምን እዚያ ቦታ እንደተከመረ አያይም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሳኩዋን ባርክሊ በ2023 ለኒውዮርክ ጃይንትስ 247 ጊዜ ኳስ ይዞ 962 ያርድ ሮጠ፤ በአንድ ሩጫ 3.9 ያርድ መሆኑ ነው። በ2024 ወደ ፊላደልፊያ ኢግልስ ተሻገረና በ345 ሩጫ 2,005 ያርድ አስመዘገበ፤ በአንድ ሩጫ 5.8። በመጀመሪያው ዓመት ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ነበር፤ እሱን እንቁጠርለት። ዋናው ልዩነት ግን ከፊቱ የቆሙት ሰዎች ነበሩ። በግራ ጠርዝ ቁመቱ 2 ሜትር ከ3 ሳንቲም፣ ክብደቱ 165 ኪሎ ገደማ የሆነው አውስትራሊያዊ ጆርዳን ማይላታ፤ በቀኝ ጠርዝ ሌን ጆንሰን፤ በመካከላቸው ላንደን ዲከርሰን፣ ካም ጀርገንስና መካይ ቤክተን። የእነዚህን አምስት ሰዎች ሥራ ማንበብ የቻለ ጨዋታውን ያነባል።

ከሁሉ በፊት ሒሳቡ

ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ (9 ሜትር ከ14 ሳንቲም) ለመሄድ አራት ዕድል ይሰጠዋል፤ እያንዳንዱ ዕድል ዳውን ይባላል። አራተኛው ብዙውን ጊዜ ኳሷን በእግር ለመምታት ስለሚውል በተግባር ዕድሉ ሦስት ነው። በመጀመሪያው ዳውን 4 ያርድ ከተሮጠ 6 ይቀራል፤ ተከላካዩ ቀጥሎ ሩጫ ይምጣ ውርወራ መለየት አይችልም። 1 ያርድ ብቻ ከተሮጠ 9 ይቀራል፤ ያኔ ኳሷ እንደምትወረወር ፈንዲሻ ሻጩም ያውቃል። ስለዚህ አሰልቺ የምትመስለው የ4 ያርድ ሩጫ ሥራዋን ሠርታለች። በሦስተኛ ዳውን 1 ያርድ ሲቀር ደግሞ 2 ያርድ ሙሉ ድል ናት።

1. ማን የት እንደቆመ ይለዩ

መሐል ላይ ጎንበስ ብሎ ኳሷን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ የሚያቀብለው ሴንተር ነው። ከግራና ከቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ከእነሱ ውጭ ሁለት ታክሎች ይቆማሉ። አምስቱ አንድ ላይ ኦፌንሲቭ ላይን ይባላሉ፤ በማሊያቸው ላይ ከ50 እስከ 79 ያለ ቁጥር ስለሚለብሱ በቀላሉ ይለያሉ። ከአንዱ ታክል ጎን ብዙ ጊዜ ታይት ኤንድ የሚባል ተጫዋች ይጨመራል፤ እሱ ኳስም መቀበል፣ ተከላካይም መግፋት ይችላል።

በሁለት የላይን ተጫዋቾች እግር መካከል ያለው ርቀት 60 ሳንቲም ገደማ ነው። ሩጫ የሚታቀደው በእነዚህ ክፍተቶች ስም ነው፦ በሴንተርና በጋርድ መካከል ያለው ኤ፣ በጋርድና በታክል መካከል ያለው ቢ፣ በታክልና በታይት ኤንድ መካከል ያለው ሲ፣ ከዚያ ውጭ ዲ። እያንዳንዱ ተከላካይም የሚጠብቀው አንድ ክፍተት ተሰጥቶታል። የሩጫ ጨዋታ ሥሩ ይህ ነው፤ አጥቂው ተከላካዩን ከተሰጠው ክፍተት ማስለቀቅ ወይም ያልተቆጠረ አዲስ ክፍተት መፍጠር አለበት።

2. ኳሷ ሳትነሳ ይቁጠሩ

ከአንዱ ጠርዝ ታክል እስከ ሌላው፣ ወደ ተከላካዮቹ በኩል 5 ያርድ ገደማ የሚዘልቅ ሳጥን በሐሳብዎ ይሳሉ። በውስጡ ስንት ተከላካይ አለ? አጥቂው አምስት የላይን ተጫዋቾችና አንድ ታይት ኤንድ ካሉት የሚገፉት ስድስት ናቸው። ስድስት ለስድስት ከሆነ ለሩጫ የተመቸ ነው። ሰባት ከሆነ አንድ ሰው ሳይነካ ይቀራል። ስምንት ከሆነ ሁለት።

የተረፈውን ሰው ለማጥፋት አሠልጣኞች የሚጠቀሙበት አንድ ብልሃት አለ። ጠርዝ ላይ ያለውን ተከላካይ ሆን ብለው ማንም እንዳይነካው ይተዉትና ኳርተርባኩ (ኳሷን ከሴንተሩ ተቀብሎ ለሯጩ የሚሰጠው ወይም የሚወረውረው) ዓይኑን እሱ ላይ ይጥላል። ተከላካዩ ሯጩን ለመያዝ ወደ ውስጥ ከሮጠ ኳርተርባኩ ኳሷን አይሰጥም፤ ራሱ ይዞ በለቀቀው ጎን ይወጣል። ባለበት ከቆመ ኳሷ ለሯጩ ትሰጣለች። አንድ ሰው ሳይነኩ አስወገዱት ማለት ነው።

ብልሃቱም ካልሠራ የሳጥኑ መሙላት ራሱ ሌላ በር ይከፍታል። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025 ኒው ኦርሊንስ በተደረገው ሱፐር ቦውል (የሻምፒዮናው ፍጻሜ ጨዋታ) ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ባርክሊን ማሰር ችለው ነበር፤ በ25 ሩጫ 57 ያርድ ብቻ አገኘ። ኢግልስ ግን 40 ለ 22 አሸነፉ። ሩጫውን ፈርቶ ዓይኑን መሬት ላይ የተከለ ተከላካይ በላዩ የሚወረወረውን ኳስ ለማቆም ይቸግረዋል።

3. የጋርዶቹን የመጀመሪያ እርምጃ ይያዙ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚወስዱ ከሆነ ይህን ይውሰዱ። ኳሷ ስትነሳ ዓይንዎን ሁለቱ ጋርዶች ላይ ያድርጉ። ሦስት ነገር ሊያዩ ይችላሉ።

ቀና ብለው ወደ ኋላ ካፈገፈጉ ኳሷ ልትወረወር ነው። በኤንኤፍኤል (በአሜሪካ የባለሙያዎች ሊግ) ሕግ ወደ ፊት በሚወረወር ኳስ ላይ የላይን ተጫዋች ከመነሻው መስመር ከ1 ያርድ በላይ ወደ ፊት መሄድ አይችልም፤ በኮሌጅ ጨዋታ 3 ያርድ ይፈቀዳል። ስለዚህ የራስ ቁራቸው ወደ ፊት ጠልቆ ከሄደ ሩጫ ነው።

አምስቱም አንድ ላይ ወደ አንድ ጎን ከረገጡ ዞን ይባላል። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የዛሬው ሩጫ አብዛኛው የቆመው በዚህ ላይ ነው። በዞን እያንዳንዱ ተጫዋች የሚገፋው ሰው በስም አይሰጠውም፤ በሚሄድበት አቅጣጫ የሚያገኘውን ይገፋል። ሴንተሩና ጋርዱ ዳሌ ለዳሌ ተጣብቀው ፊታቸው የቆመውን ወፍራም ተከላካይ ለሁለት ይይዙታል። አራት እጅ እሱ ላይ ነው፤ አራቱ ዓይን ግን ከኋላው ባለው ላይንባከር (ከፊተኛው ረድፍ ኋላ የሚቆም ተከላካይ) ላይ። ላይንባከሩ በአንዱ ጎን ሊገባ ሲል በዚያ ጎን ያለው ተጫዋች ተላቅቆ ይቀበለዋል፤ ጓደኛው ወፍራሙን ብቻውን ይረከባል። ሁሉም ነገር የሚያልቀው በአንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ቶሎ ከተላቀቀ ወፍራሙ በመካከላቸው ሰንጥቆ ይገባና ሯጩን ኳሷን በተቀበለባት ቦታ ያገኘዋል። ከዘገየ ላይንባከሩ ሳይነካ ክፍተቱን ይዘጋል።

የእግሩን ሥራ ከቅርብ ካዩት የመጀመሪያዋ እርምጃ አጭር ናት፤ ከ15 ሳንቲም ብዙም አትበልጥም። ሁለተኛው እግር መሬት መርገጥ ያለበት ከተከላካዩ ጋር ከመጋጨቱ በፊት ነው። ረጅም እርምጃ የጀመረ ሰው ግጭቱ የሚደርስበት አንድ እግሩ አየር ላይ እያለ ስለሆነ 140 ኪሎ ቢመዝንም ይገለበጣል። ዳሌ ዝቅ፣ ጀርባ ቀጥ፣ እጆች በተቃራኒው ደረት ላይ ከብብት ወደ ውስጥ። እጁ ወደ ውጭ ወጥቶ ማሊያ ከጨመደደ ዳኛው ቢጫውን ጨርቅ ይወረውራል፤ ቅጣቱ 10 ያርድ ነው። በ20 ያርድ ሩጫ ላይ ከተጣለ ጭብጨባው በአፍ ይቀራል።

ሦስተኛው ምልክት ከሁሉም ግልጽ ነው። አንዱ ጋርድ ቦታውን ለቆ ከላይኑ ኋላ ወደ ሌላው ጎን ይሮጣል። ይህ ፑል ይባላል። ፓወር በሚባለው ሩጫ ሯጩ በሚሄድበት ጎን ያሉት የላይን ተጫዋቾች ተከላካዮቹን ወደ መሐል ይደፏቸዋል፤ ፉልባኩ (ከሯጩ ፊት መንገድ የሚጠርገው) የጠርዙን ተከላካይ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ከወዲያኛው ጎን የመጣው ጋርድ በተከፈተው በር ቀድሞ ገብቶ ላይንባከሩን ይቀበላል። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በጋርዱ መንገድ ነው። ሁለቱ ጓደኞቹ ከሚገፉት ሰው ጀርባ ተጣብቆ ማለፍ ሲገባው ሰፊ ዙሪያ ከዞረ ሯጩ ይቀድመዋል፤ ጠባቂው ከንጉሡ ኋላ ይደርሳል።

ካውንተር የፓወር ተንኮለኛ ወንድም ነው። ሯጩ በመጀመሪያ ወደ አንድ ጎን አንድ ሁለት እርምጃ ይረግጥና ተከላካዮቹ ሲያዘነብሉ ይመለሳል፤ ጋርዱ ብቻ ሳይሆን ታክሉም ቀድመውት ይሮጣሉ። ይህን በ1980ዎቹ ስም ያሰጠው በጆ ጊብስ የሚሠለጥነው የዋሽንግተን ቡድን ነበር። የላይን አሠልጣኙ ጆ ቡጀል ተጫዋቾቹን አሳማዎቹ ብሎ ሰየማቸው፤ ስሙ ለአበሻ ጆሮ ባይጥምም የከተማው ደጋፊ የአሳማ አፍንጫ ገዝቶ እስከ ማጥለቅ ደርሶ ነበር።

4. አሁን ወደ ሯጩ ይመለሱ

የሯጭ ሥራ መፍጠን ይመስላል። ፍጥነቱ የሚጠቅመው ግን መቆየት ለሚያውቅ ነው። በዞን ሯጩ ወደታቀደው ክፍተት አምርቶ መስመሩ ላይ ሊደርስ ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ይቆርጣል፤ ወይ እዚያው ይገባል፣ ወይ ወደ ኋላ ታጥፎ በመሐል ያልፋል፣ ወይ ወደ ጠርዝ ይወጣል። ወደ መስመሩ ማምራቱ ላይንባከሩን ወደዚያ ይስበዋል፤ ተስቦ ሲያበቃ መታጠፍ ነው። ከመስመሩ 4 ያርድ ኋላ ሆኖ የታጠፈ ሯጭ ማንንም አላታለለም፤ ላይንባከሩ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ የሚቆርጥ ደግሞ ለጭብጨባ ጥሩ ነው፤ ለያርድ ግን መጥፎ።

የዚህ ትምህርት ቤት ዴንቨር ነበረች። የላይን አሠልጣኙ አሌክስ ጊብስ ዞንን ባስተማረባት ዴንቨር፣ በ1995 በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በስድስተኛ ዙር የተመረጠው ቴረል ዴቪስ በ1998 2,008 ያርድ ሮጠ። በ1999 ተጎዳና ኦላንዲስ ጌሪ 1,159 ሮጠ፤ በ2000 ማይክ አንደርሰን 1,487፤ በ2002 ክሊንተን ፖርቲስ 1,508። ሯጩ ይቀየራል፣ ቁጥሩ ይቀጥላል። የዲትሮይቱ ባሪ ሳንደርስ በ1997 2,053 ያርድ ሲሮጥ ከምንም ነገር መንገድ ያወጣ ነበር፤ ወደ ኋላ እየሮጠ ያርድ የሚያጣበትም ጊዜ ብዙ ነው። እሱን ማየት ደስ ይላል፤ ለልጅ ማስተማሪያ ግን አይሆንም።

ታዲያ ጥሩ ሯጭ ደመወዙን የሚያገኘው የት ላይ ነው? ሳይነካ በቀረው ሰው ላይ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1983 ፓሳዴና ላይ በተደረገው ሱፐር ቦውል ዋሽንግተን በማያሚ 17 ለ 13 እየተመራ አራተኛ ዳውን ላይ 1 ያርድ ቀረው። ኳሷ ከመነሳቷ በፊት አንድ ታይት ኤንድ ወደ ጎን ተንቀሳቅሶ ተመለሰ፤ የሚከተለው ተከላካይ ዶን ማክኒል አብሮት ሲዞር አዳለጠው። ላይኑ የግራውን ጎን ዘጋ፤ ያልተነካ ማክኒል ብቻ ቀረ። ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ጆን ሪጊንስ ማሊያውን እንደያዘ አራግፎት 43 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። በዚያ ቀን በ38 ሩጫ 166 ያርድ አገኘ፤ ጨዋታውም 27 ለ 17 አለቀ።

ኳሷን አያያዙንም ይመልከቱ። ጣቶች በጫፏ ላይ፣ መዳፍ፣ ክንድ፣ የላይኛው ክንድ ጡንቻ፣ ደረት፤ በአምስት ቦታ ተጣብቃ ከተከላካዮቹ በራቀው እጅ መያዝ አለባት። ከሰውነቱ ለይቶ የሚያወዛውዛት ሯጭ ዛሬ ባይጥላት ነገ ይጥላታል። ሲቀበል ደግሞ ከኳርተርባኩ በኩል ያለው ክርን ወደ ላይ፤ ክርኑ ከወረደ ኳሷ እሱ ላይ ተጋጭታ ትወድቃለች።

5. ሩጫው ሲከሽፍ ጥፋተኛውን ይፈልጉ

ከጎን የሚቀርጸው ካሜራ ክፍተቶቹን ይደብቃል። ድጋሚው ከሜዳው መጨረሻ፣ ከጎሉ በኩል ሲታይ ይጠብቁ። ተከላካይ ኳሷ ከመሰጠቷ ጋር እኩል ሯጩ ዘንድ ከደረሰ ጥፋቱ የአንድ የላይን ተጫዋች የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ላይንባከር ማንም ሳይነካው በሙሉ ፍጥነት መስመሩ ላይ ከመታው፣ ወይ ሁለቱ ጥንዶች ተላቅቀው አልደረሱም፣ ወይ ከመነሻው ቆጠራው አልገጠመም። ክፍተቱ ተከፍቶ ሯጩ ሌላ ቦታ ከተያዘ ጥፋቱ የራሱ ነው። ከኋላ እየሮጠ የደረሰበት ተከላካይ ካለ ደግሞ አሠልጣኙ በሚቀጥለው ጊዜ ለሯጩ እንደሚሰጥ አስመስሎ ኳርተርባኩን በዚያው በተለቀቀው ጎን እንዲያስወጣ ይጠብቁ።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ልጁ በትምህርት ቤት ቡድን ላይን ውስጥ የሚጫወት ወላጅ ካለ ከመሐል ሜዳው መቀመጫ ተነስቶ ከጎሉ ኋላ ወዳለው አጥር ይሂድ። የላይን ተጫዋች የሚቆጠርለት ያርድ የለም፤ ስሙም በድምፅ ማጉያ የሚጠራው ሲቀጣ ነው። ማታ መኪና ውስጥ «ስንት ለስንት ወጣችሁ?» ከማለት ይልቅ «የያዝከው ሰው መጨረሻው የት ሆነ?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ እስከ ቤት ድረስ አያልቅም።