«እማዬ፣ ሐብሐብ አታድርጊልኝ»፦ ለልጆቻችን እንዴት እንንገራቸው?

ባለፈው መስከረም ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ ምሳ ዕቃውን ሰጠኝ። ከፈትኩት። እንጀራውን ጨርሷል። ጥብሱንም በልቷል። ሐብሐቡ ግን እንደቆረጥኩት ነው፤ አንዷም አልተነካችም። ቀይ ውሃው ወጥቶ ከዕቃው ሥር ተጠራቅሟል። ይሄ ልጅ እኮ ሐብሐብ ሲያይ ቢላ እስካነሣ የማይታገሠኝ ነው።

«አሞሃል እንዴ?» አልኩት።

«አላመመኝም። ከነገ ጀምሮ ሐብሐብ አታድርጊልኝ፣ በቃ።»

አሥር ዓመቱ ነው። ምክንያቱን የነገረኝ ከሁለት ቀን በኋላ፣ መብራት ካጠፋሁ በኋላ ነው። አብሮት ምሳ የሚበላ ልጅ «ጥቁሮች ሐብሐብና ፍራይድ ቺክን (የተጠበሰ ዶሮ) ሲያዩ አያስችላቸውም» ብሎ ጠረጴዛውን ሁሉ አሳቀበት። ልጄ ለምን እንደሚያስቅ አልገባውም። በእሱ ላይ እየተሳቀ መሆኑ ግን ገብቶታል።

አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ ይሄ ነገር አንድ ቀን እናንተም ቤት ይመጣል። እኔ ሳልዘጋጅ ነው የደረሰብኝ። ከዚያ በኋላ አነበብኩ። ሥራ ቦታ ያለችውን ባልደረባዬን፣ ቨርጂኒያ ተወልዳ ያደገች ትልቅ ሴት ናት፣ ጠየቅኋት። ለልጄ እንዴት እንደነገርኩት ልጻፍላችሁ። ከተሳሳትኩበት ልጀምር።

«አንተ እኮ ሐበሻ ነህ» አትበሉት

እኔ ያልኩት ይህንኑ ነው። በጨለማው ውስጥ አቅፌው፣ «እሱ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የሚባል ነው። አንተ ሐበሻ ነህ፤ አንተን አይመለከትህም» አልኩት። ላጽናናው ብዬ ነበር።

ልጄ ትንሽ ዝም ብሎ «እሺ፣ እነሱን ቢሉ ችግር የለውም ማለት ነው?» አለኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ልክ ነበር። ስድቡ ሌላው ላይ ካረፈ ደህና ነው ብዬ ማስተማሬ ነበር። ደግሞም ያ የሳቀው ልጅ የአባትህ አገር የት ነው ብሎ አልጠየቀም። ቆዳውን አይቶ ነው የሳቀው። ስለዚህ ይህን መልስ ተዉት። አፋችሁ ላይ ቢመጣም ዋጡት። ታሪኩ የልጆቻችንም ነው፤ ተወልደው የሚያድጉት እዚሁ ውስጥ ነውና።

ከዶሮው ጀምሩ

ብዙ ሰው ከስድቡ ይጀምራል። ልጁ መጀመሪያ የሚሰማው ስድቡን ከሆነ፣ ቀሪው ታሪክ ሁሉ ማስተባበያ ይመስለዋል። እኔ በሁለተኛው ሙከራዬ የጀመርኩት ከዶሮ ነው። ከሰፈራችንም ነው የጀመርኩት።

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ የነበረው ማውንት ቨርነን ከቤታችን ቅርብ ነው። በ1798 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጁሊያን ኒምሴቪች የሚባል ፖላንዳዊ ጸሐፊ እዚያ በእንግድነት ሄዶ ነበር። በባርነት የተያዙት ሰዎች የሚኖሩበትን ጎጆ ገብቶ አየና ያየውን ጻፈ። ደጃፋቸው ትንሽ የአትክልት ቦታ አለች። አምስት ስድስት ዶሮዎች ጫጩቶቻቸውን አስከትለው ይለቅማሉ። የተፈቀደላቸው ይኸው ብቻ ነው ይላል። ዳክዬ፣ ዝይና አሳማ ማርባት አይችሉም። ዶሮዎቹን ደግሞ አሌክሳንድሪያ ወስደው ይሸጡ ነበር።

አሌክሳንድሪያ! እኛ እንጀራ የምንገዛበት ከተማ። ልጄን ቅዳሜ ወደዚያ ወስጄ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ አሳይቼ ነገርኩት። ገበያው የነበረው እዚህ ከተማ ነው፤ ዶሮ ተሸክመው የሚመጡትም እዚሁ ነው። ዓይኑ ተከፈተ።

ከዚያ ለምን ዶሮ ብቻ እንደሆነ አስረዱት። በ1692 የወጣ የቨርጂኒያ ሕግ በባርነት ያሉ ሰዎች ፈረስ፣ ከብትና አሳማ እንዳይኖራቸው ከለከለ። ዶሮን ግን አልጠቀሰም። ዶሮ ትንሽ ናት፣ ርካሽ ናት፣ ጌቶቹ ከቁም ነገር አልቆጠሯትም። በዚህች ጠባብ ቀዳዳ ነው ሰዎቹ ገንዘብ ያገኙት። ዋሽንግተን ራሱ በእርሻው ከሚሠሩት ሰዎች ዶሮና እንቁላል በገንዘብ ይገዛ ነበር። ማርባቱም፣ ማረዱም፣ ብልት ማውጣቱም፣ መጥበሱም የእነሱ እጅ ሙያ ሆነ። ዶሮ ወጥ ሠርታችሁ የምታውቁ፣ አሥራ ሁለቱን ብልት አውጥታችሁ በሎሚ ያጠባችሁ፣ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም።

ቀጥሎ ጎርደንስቪል የምትባል የቨርጂኒያ ከተማን ንገሩት። ከእኛ ሁለት ሰዓት ያህል ትነዳላችሁ። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የበለጠችው ይህቺ ናት። የባቡር መገናኛ ነበረች። ያን ጊዜ ባቡር ውስጥ ምግብ የለም። ባርነት ከቀረ በኋላ ጥቁር ሴቶች ዶሮውን ቤታቸው ጠብሰው፣ በትልቅ ትሪ ላይ ከብስኩትና ከቡና ጋር ደርድረው፣ ትሪውን በጭንቅላታቸው ተሸክመው ሐዲዱ ዳር ይቆማሉ። ባቡሩ ሲቆም ትሪው ወደ መስኮቱ ከፍ ይላል። ተሳፋሪው ገንዘቡን ያቀብላል፣ ዶሮውን ይቀበላል። ለብዙ ዓመታት እንዲህ ሠርተዋል። ከሻጮቹ የአንዷ ልጅ ቤላ ዊንስተን በስተርጅናዋ፣ እናቷ ቤታቸውን የገዛችው በዶሮ እግር መሆኑን ተናግራለች። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ሳይኪ ዊልያምስ-ፎርሰን እነዚህን ሴቶች በሰፊው አጥንታለች።

ለልጄ «ደጀን ላይ አውቶቡስ ሲቆም፣ ቆሎና ሙዝ ይዘው መስኮት ሥር የሚሮጡትን ሴቶች ታስታውሳለህ?» አልኩት። ባለፈው ክረምት ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ አይቷቸዋል። «ከአንዷ ሙዝ ገዝተሻል» አለኝ። በቃ፣ ገባው።

ሐብሐቡን አሳጥራችሁ ንገሩት

ሐብሐብ የእኛው የጎረቤት ልጅ ነው። በ2021 የወጣ የዘረመል ጥናት፣ የቅርብ ዘመዱ ሱዳን ውስጥ ኮርዶፋን የሚበቅለው እንደሆነ አሳይቷል። በጥንታዊቷ ግብፅ በንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር ውስጥም ዘሩ ተገኝቷል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።

አሜሪካ ውስጥ የሆነው ደግሞ ከዶሮው ጋር አንድ ነው። በ1865 ባርነት በሕግ ሲቀር፣ ነፃ የወጡት ሰዎች ሐብሐብ ለራሳቸው ተከሉ፣ በሉ፣ ወደ ገበያ አውጥተው ሸጡ። ቁራጭ መሬት ላላት ቤተሰብ ጥሩ ገንዘብ ነበር። ትናንት በባርነት ያዩት ሰው ዛሬ የገዛ ሐብሐቡን ሽጦ ገንዘቡን ኪሱ ሲከት ማየት ብዙ ነጮችን አበሳጨ።

ስድቡ የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ይህቺን ነጥብ ቀስ ብላችሁ ንገሩት። አንድ ሰው ነፃነት አይገባውም ለማለት፣ ሰነፍ ነው፣ ሆዳም ነው፣ ቆሻሻ ነው፣ ሕፃን ነው ማለት ያስፈልጋል። በ1869 ፍራንክ ሌስሊ የሚባለው ሥዕላዊ ጋዜጣ ጥቁሮች ሐብሐብ ላይ ተረባርበው ሲበሉ የሚያሳይ ሥዕል አወጣ። ከዚያ በኋላ በፖስትካርዱ፣ በማስታወቂያው፣ በቲያትሩ ያው ሆነ። በ1915 ዲ. ደብሊው ግሪፊዝ ባወጣው ፊልም ውስጥ ደግሞ፣ የሳውዝ ካሮላይና ምክር ቤት ጥቁር አባላት ጫማ አውልቀው እግራቸውን ጠረጴዛ ላይ ሲሰቅሉ፣ አንዱ ዶሮ ሲግጥ ይታያል። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ሕግ ማውጣት አይችሉም። በ1925 ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ የተከፈተና በኋላ ሲያትልና ፖርትላንድ የደረሰ የዶሮ ምግብ ቤት ነበር። በሩ የተከፈተ የጥቁር ሰው አፍ ነው። ደንበኛው በአፉ ገብቶ ዶሮ ይበላል።

ሥዕሎቹን ብዙ አየሁ። አንድ ነገር ልቤን አሳመመው። ካየኋቸው በአንዱም ውስጥ የሚሸጥ ሰው የለም። ትሪ የለም፣ ሚዛን የለም፣ ገንዘብ የለም። የሚበላ አፍ ብቻ ነው ያለው። ሠርታ ቤት የገዛችውን ሴት አጥፍተው አፉን አስቀሩ።

ሥዕሎቹን ለልጅ ማሳየት ያስፈልጋል ወይ? ለአሥር ዓመት ልጅ፣ እኔ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ዓይን ያየውን አይረሳም። ለአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ግን አንድ ፖስትካርድ አሳየኋት። አብሬያት ተቀምጬ ነው። ብቻዋን ኢንተርኔት ላይ እንድትፈልግ አልተውኳትም።

ትምህርት ቤት ምን ያድርግ?

አንድ ዓረፍተ ነገር አስተምሩት፤ ከዚያ በላይ ልጅ አይዝም። የእኛ «ምኑ ነው የሚያስቀው? አስረዳኝ» የሚል ነው። በቁጣ አይደለም፣ ረጋ ብሎ። እራት ላይ እኔ ሳቂ እሆናለሁ፣ እሱ ይጠይቀኛል። ስድስት ሰባት ጊዜ ተለማመድን። የሚገርማችሁ፣ ቀልዱን ማስረዳት ሲሞክሩ አፍ ይተሳሰራል። አስረድተው የሚጨርሱት ካሉም፣ ያን ጊዜ መምህሩ መስማት አለበት።

ለመምህሩ ስትጽፉ አጭር አድርጉት። መቼ፣ የት፣ የተባለው ቃል በትክክል ምን እንደሆነ፣ ልጃችሁ ምን እንዳደረገ። «ልጄን ሰደቡት» ብቻ ካላችሁ ማንም አይከታተለውም። እኔ ልጁ ይቀጣ አላልኩም። ወላጆቹ እንዲያውቁና መምህሯ ክፍል ውስጥ እንድታወራበት ጠየቅሁ። መጀመሪያ «ልጆች ናቸው፣ አውቀው አይደለም» የሚል መልስ መጣ። እኔም «አውቆ ስላልሆነ ነው እንድትነግሩት የምለምነው» ብዬ መለስኩ። ሁለተኛው መልስ የተሻለ ነበር።

ትልልቆቹም ይስታሉ። በ2023 ኒው ዮርክ ግዛት ናያክ ውስጥ፣ የጥቁሮች ታሪክ ወር በጀመረበት ቀን የአንድ ትምህርት ቤት ካፌቴሪያ ዶሮ ከዋፍልና ከሐብሐብ ጋር አቀረበ። ይቅርታ ተጠየቀ። በ2022 የኢንዲያናፖሊስ የሕፃናት ሙዚየም ለጁንቲንዝ (ከባርነት ነፃ የመውጣት በዓል ነው) ብሎ የሐብሐብ ሰላጣ ሲሸጥ እንዲሁ ይቅርታ ጠየቀ። እዚህ ላይ ግራ ገባኝ፤ ምክንያቱም ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው የነፃነታቸውን በዓል ሲያከብሩ ቀይ ምግብ፣ ሐብሐብም ጭምር ያቀርባሉ። ባልደረባዬን ጠየቅኋት። «አያቴ ስትቆርጥልኝ ፍቅር ነው። የማያውቀኝ ሰው ስለ እኔ ይህን ብቻ ሲያውቅ ሌላ ነው» አለችኝ። ስለዚህ በየካቲት፣ በጥቁሮች ታሪክ ወር፣ ለትምህርት ቤት ምግብ አምጡ ስትባሉ፣ መጀመሪያ ጥቁር አሜሪካውያን ወላጆችን ጠይቁ። የራሳችሁን ዶሮ ወጥ ብትወስዱ ደግሞ ደስ ይላቸዋል።

«ኢትዮጵያ ምግብ አለ እንዴ?» የሚለው ቀልድ ልጆቻችሁን ካልገጠማቸው ይገጥማቸዋል። እኛ በራሳችን አቆጣጠር የ1977ቱ ድርቅ የምንለው በቴሌቪዥን ዓለምን ከዞረ ጀምሮ አለ። አሠራሩ ያው ነው፤ አንድ ሥዕል ይወሰድና ሕዝቡ በሙሉ እሱ ይሆናል። መልሱም ያው ዓረፍተ ነገር ነው።

የራሳችንንም ንገሩ

ይህንን ለመጻፍ አመነታሁ። ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ጣና ዳር ወይጦዎች ይኖራሉ። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ ያ ታንኳ ባይኖር ሐይቁን ማን ይሻገረው ነበር? በልጅነቴ ግን ስለነሱ የሰማሁት አንድ ነገር ነው፦ «ጉማሬ ይበላሉ።» በዚህ ምክንያት ሰው በነሱ ዕቃ ውሃ አይጠጣም፣ ቤታቸው አይገባም። ማንም ቁጭ አድርጎ ናቂያቸው አላለኝም። የሚባለውን ሰምቼ አደግሁ፣ በቃ። ልክ እንደዚያ የካፌቴሪያው ልጅ።

ይህን ለልጄ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። «አንቺም ስቀሻል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ከነገርኩት ሁሉ ትኩር ብሎ ያዳመጠኝ ይህን ነው። ከቻላችሁ እናንተም የራሳችሁን ፈልጋችሁ ንገሩት።

በሚያዝያ ጎርደንስቪል ሄድን። ከሐዲዱ አጠገብ ከ1860 ጀምሮ ያለ አሮጌ ሆቴል አለ፤ አሁን ሙዚየም ነው። ልጄ ሐዲዱ ዳር ቆሞ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ ዘረጋ። ትሪው እስከ መስኮቱ ይደርስ እንደሆነ እየለካ ነበር። «ረጅም መሆን አለባቸው» አለኝ።

ቤት ውስጥ ሐብሐብ መብላት ጀምሯል። ለትምህርት ቤት ግን እስካሁን «አታድርጊልኝ» እንዳለ ነው። አልገፋሁትም። ብርቱካን አደርግለታለሁ።